ከጦር ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው መምህር

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የሩቅ አገር ሰው ነው። ሰውየው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የስፖርት አሠልጣኝ ነበረ። አገሩ በጠራችው ጊዜ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፤ ጦርነቱ ባበቃ ጊዜም ወደዚያው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ስሙ ዊልያም ቦወርማን ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ ግን ቢል ይሉታል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቃችሁ እወዳለሁ።

ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ከጦር ሜዳ የተመለሱ አንድ የስፖርት መምህር ነበሩ። ስማቸውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አላነሣም። እኒህ ሰው ያረፈደውን ያስሮጡ ነበር፤ በሰልፍ ላይ የተነጋገረውን ያስሮጡ ነበር፤ የጫማው ማሰሪያ የተፈታበትንም ያስሮጡ ነበር። ስለዚህ ሩጫ ማለት ለእኛ የቅጣት ሌላ ስሙ ሆነ። ትምህርቴን ጨርሼ ከዚያ ግቢ በወጣሁ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም አያስሮጠኝም ብዬ ደስ አለኝ፤ እነሆ ዛሬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዬ ስደርስ በቅድሚያ የማደርገው ነገር ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሽ መሰብሰብ ነው። ከእናንተም መካከል በዚህ የሚመስለኝ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

መምህራችን በግራ እግራቸው ያነክሱ ነበር። እኛም ልጆች ነንና ከኋላቸው እየሄድን አረማመዳቸውን እንቀዳ ነበር። ያ እግር የት እንደ ቆሰለ፣ እንዴትስ እንደ ቆሰለ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። የቦወርማንን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ቦወርማን የተወለደው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1911 በሰሜን አሜሪካ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው በኦሬጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ነው። አባቱ ጄይ ቦወርማን የሕግ ሰው ሲሆን የግዛቲቱ ተጠባባቂ አገረ ገዥ እስከ መሆን የደረሰ ነበረ። ነገር ግን የአባት ሹመት ለልጁ ብዙ አልጠቀመውም። ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ እናትና አባቱ ተለያዩ፤ በዚያው ዕድሜው መንትያ ወንድሙ ቶማስ በአሳንሰር አደጋ ሞተ። እናቱም ልጆቿን ይዛ ፎሲል ወደምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ገባች።

ከፍ ሲል ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ጊዜ ጠበኛ ልጅ ነበረ። ከማንም ጋር ግብ ግብ መግጠም የሚወድ፣ ለመምህራኑ ራስ ምታት የሆነ ልጅ ነበረ ይባላል። ኤርሰል ሄድሪክ የተባለው የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኀላፊ አንድ ቀን ጠርቶ ገሠጸው። ተግሣጹ ከአለንጋ የበረታ ነበረ፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት አላባረረውም። ያ ጉልበቱ የት ላይ መዋል እንደሚገባው ነገረው እንጂ። ቦወርማን ካደገ በኋላ የሕይወቱ መንገድ የታጠፈው በዚያ ቀን መሆኑን ይናገር ነበር።

በ1929 የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫወተ፤ ቢል ሄይዋርድ ከተባለው ስመ ጥር አሠልጣኝ ዘንድ ሩጫን ተማረ። ከዚያ በ1934 በፖርትላንድ አስተማሪ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ወደ ልጅነት ትምህርት ቤቱ ወደ ሜድፎርድ ተመልሶ ማስተማርና ማሠልጠን ያዘ። በ1936 በተማሪነቱ ጊዜ ያወቃትን ባርባራ ያንግን አገባ። ጃፓን በ1941 መጨረሻ በፐርል ሐርበር ላይ አደጋ ባትጥል ኖሮ ምናልባት ይህ ሰው ከሜድፎርድ ከተማ ውጭ የሚያውቀው አይኖርም ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ሳለ የመጠባበቂያ መኰንንነት ትምህርት ስለ ተማረ ወዲያውኑ ወደ ጦር ሠራዊቱ ተጠራ። በመጨረሻም ለተራራ ውጊያ ተለይቶ በተቋቋመው በ10ኛው ክፍለ ጦር፣ በ86ኛው የተራራ እግረኛ ሬጅመንት ውስጥ ተመደበ። ሥራው ምን እንደ ነበረ ብነግራችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ሥራው ስንቅና ትጥቅ ማቅረብ፣ ይህንንም የሚሸከሙትን በቅሎዎች ማስተዳደር ነበረ። እኛ የተራራ አገር ሰዎች ስለ ሆንን በቅሎ ምን እንደ ሆነች ለማንም መጠየቅ አያስፈልገንም። መኪና በማይወጣበት ገደል ላይ የጦር አዛዡ ዕቅድ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጥይትና እህል የጫነችው በቅሎ ካልደረሰች ዕቅዱ ወረቀት ነው። በቅሎም በጩኸት አትታዘዝም። ጭነቷ ካልተመጣጠነ ወይም ጀርባዋ ከተመለጠ ቆማ ትቀራለች።

ሬጅመንቱ በ1944 መጨረሻ ኢጣልያ ገባ። በፌብሩዋሪ 1945 የሬጅመንቱ ወታደሮች ጀርመኖች ማንም አይወጣውም ብለው በጥቂት ሰው ብቻ የሚጠብቁትን የሪቫን ተራራ በጨለማ ቧጥጠው ወጡ፤ ጎሕ ሲቀድም ከላይ ሆነው ተገኙ። ክፍለ ጦሩ በውጊያ ላይ የቆየው አራት ወር ለማይሞላ ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ አጭር ዘመን ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ሞተበት፤ ወደ 4,000 የሚሆን ቆሰለበት። ኢጣልያ በአገራችን ላይ ያደረገችውን ለምናስታውስ ለእኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእርሷው ተራሮች ላይ የኦሬጎን መምህር በበቅሎ ስንቅ ሲያመላልስ ማሰብ እንግዳ ነገር ነው።

በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ 1945 ጦርነቱ በኢጣልያ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ቦወርማን በብሬነር መተላለፊያ አጠገብ ከነበሩት ከጀርመን ጦር አዛዦች ጋር ተነጋግሮ ተኩስ እንዲያቆሙ አደረገ። የዚያን ጊዜ ማዕረጉ ሻለቃ ነበረ። በዚያ ሰሞን የሚተኰስ አንድ ጥይት ሁሉ ከንቱ ሞት ነበረ፤ ስለዚህ ያች ንግግር የስንት እናት ልጅ እንዳተረፈች መቍጠር አይቻልም። ለአገልግሎቱም አንድ የብር ኮከብና አራት የነሐስ ኮከብ ኒሻኖች ተሸለመ፤ በኦክቶበር 1945 ከሠራዊቱ በክብር ተሰናበተ።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ አራት የነሐስና አንድ የብር ኮከብ በደረቱ ያንጠለጠለ ሻለቃ ምን ያደርጋል ትላላችሁ? ወደ ሜድፎርድ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ ወረደ። እስከ 1948 ድረስ በዚያ ቆየ። ከዚያ በኋላ የአስተማሪው የሄይዋርድ ቦታ ተሰጥቶት ዩጂን በምትባለው ከተማ የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ሆነ። በዚህ ሥራ ላይ 24 ዓመት ሲቈይ ዩኒቨርሲቲው አራት ጊዜ፣ ማለት በ1962፣ በ1964፣ በ1965ና በ1970 የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አሸነፈ። ካሠለጠናቸው መካከል 16ቱ አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሮጡ፤ ለኦሊምፒክ የበቁትም ከ30 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ አድርጎ ግን አሠልጣኝ ተብሎ መጠራትን አይወድም ነበር። እኔ መምህር ነኝ ይል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ የማስተማር ዘዴው ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አሠልጣኞች ልጁ ብዙ ከሮጠ ብዙ ይበረታል፣ ከወደቀም ደካማ ነው ማለት ነው የሚሉ ነበሩ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰውማ ከዚህ ሐሳብ የባሰ እንጂ የተሻለ ያስባል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ቦወርማን ግን ነገሩን ገለበጠው። አንድ ቀን ከባድ ሥራ ከሰጠ በማግሥቱ ቀላል ሥራ ይሰጣል፤ አንዳንዱን ልጅ እንዲያውም ሁለትና ሦስት ቀን ያሳርፈዋል። ሰውነት የሚበረታው ሲደክም ሳይሆን ከድካሙ ሲያገግም ነው የሚል እምነት ነበረው። እኔ ይህን ሳነብ በቅሎዎቹ ትዝ አሉኝ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ኬኒ ሙር የሚባል ቀጭን ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ አሠልጣኙ ቀላል ሥራ በሰጠው ቀን ተደብቆ ሌላ ብዙ ማይል ይጨምርበታል፤ ስለዚህም ሁልጊዜ ይታመማል ወይም ይጐዳል። በ1964 ቦወርማን ተቈጣና ለሦስት ሳምንት በቀን ከሦስት ማይል የዝግታ ሩጫ በላይ አንዲት እርምጃ ብትጨምር ከቡድኑ ትወጣለህ አለው። ልጁ በመምህሩ ላይ ቂም ይዞ፣ በግድ አረፈ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ የሁለት ማይል ውድድር ገባና ከቀድሞው ሰዓቱ ብዙ ሰከንድ ቀንሶ አሸነፈ። ይህ ልጅ በንግግሬ መጨረሻ ላይ ስለሚመለስ ስሙን እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የቍልፉን ዘለላ በፍም ላይ ያግልና የልጆቹን ጭን ይተኵስ ነበር። ተማሪዎቹ በሸመገሉ ጊዜ ይህን እየሳቁ ያወሩታል፤ እኔ ግን ቀልድ ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። የጦር ሰፈር ጠባይ ሁሉ በመሰናበቻ ወረቀት አይሰናበትም መሰለኝ።

በ1958 ግድም ኦቲስ ዴቪስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። እርሱም አራት ዓመት በአየር ኀይል ያገለገለ ወታደር ነበረ። የመጣው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ሲሆን ሩጫ የሚባለውን በውድድር ሞክሮት አያውቅም። ዕድሜው 26 ገደማ ስለ ነበረ ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ጊዜህ አልፏል ብሎ ይመልሰው ነበር። ቦወርማን ተቀበለው። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ኦቲስ ዴቪስ 400 ሜትርን በ44.9 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የወርቅ ሜዳይም አገኘ። ከእርሱ ድል ጥቂት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ በሌሊት፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ማን እንደ ሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ እኛ፣ ወንበር ላይ ወደምንውለው ሰዎች ልምጣ። በ1962 መጨረሻ ቦወርማን ወደ ኒው ዚላንድ ሄዶ አርተር ሊዲያርድ የተባለውን አሠልጣኝ ጐበኘ። ሊዲያርድም አንድ እሑድ ጠዋት ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሶምሶማ እንሩጥ አለው። ቦወርማን የዚያን ጊዜ 51 ዓመቱ ነበረ፤ ጤናማ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። ወዲያው ዳገት ሲጀምር ትንፋሹ ተቋረጠ፤ ሰዉ ሁሉ ጥሎት ሄደ። ከሁሉ ኋላ የሚሮጡ የ76 ዓመት ሽማግሌ፣ ልባቸውን ሦስት ጊዜ የታመሙ፣ አዘኑለትና እርምጃቸውን ቀንሰው እያጫወቱ አደረሱት። የታላላቅ ሯጮች መምህር በሽማግሌ ተደግፎ ቤቱ ገባ ማለት ነው። በዚህ አላፈረም፤ እዚያ በቆየባቸው ሳምንታት በየዕለቱ ሲሮጥ ሰነበተና ክብደቱ ቀንሶ ወደ አገሩ ገባ።

በዩጂንም የከተማውን ሰው፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ወደ ሩጫው ሜዳ ጠራ። በመጀመሪያ ጥቂቶች መጡ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን ቍጥሩ ወደ ሺዎች ስለ ደረሰ ሰው ሳይሞትብኝ ብሎ ፈራና ጉባኤውን በተነው። ከዚህ በኋላ ዋልዶ ሐሪስ ከተባለው የልብ ሐኪም ጋር ሆኖ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ምን ያህል፣ እንዴት ባለ ዝግታ መጀመር እንደሚገባቸው በጥንቃቄ አጠና። በ1967 ያወጡት የሶምሶማ ሩጫ መጽሐፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ምክሩ አጭር ነው፤ እየሮጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ካልቻላችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷልና ቀንሱ ይላል። ለእኔ ቢጤው ከዚህ የሚሻል ምክር የለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ መነጋገር ለማናችንም አይቸግረንምና።

ስለ ጫማውም ጥቂት ልናገር። ቦወርማን የሩጫ ጫማ ከባድ ነው እያለ ያማርር ስለ ነበር በገዛ እጁ ለተማሪዎቹ ጫማ ይሰፋ ነበር። በ1964 ከቀድሞ ተማሪው ከፊል ናይት ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው የጫማ ንግድ ጀመሩ፤ ይህም ንግድ ዛሬ ናይኪ በሚባል ስም ዓለም የሚያውቀው ነው። ዋፍል የሚባለውን ባለጉድጓድ ቂጣ የሚጋግሩበትን የባለቤቱን የብረት መጋገሪያ ወስዶ በቂጣው ሊጥ ፈንታ የጎማ ፈሳሽ አፈሰሰበትና ለአዲስ ዓይነት ሶል ምሳሌ አወጣበት። መጋገሪያው ግን ተጣብቆ ቀረ። ወይዘሮ ባርባራ ምን እንዳሉ አልተጻፈም። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ነፋስ በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሠራበት የኖረው የማጣበቂያ መርዝ የእግሩን ጅማቶች ጐዳበትና በስተመጨረሻ በገዛ ጫማው ለመሮጥ የማይችል ሰው ሆነ። ከኢጣልያ ተራራ በደኅና የተመለሰው ሰው ጉዳት ያገኘው ከገዛ ቤቱ ነው።

በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄደ። ያ ኦሊምፒክ ከመነሻውም አላማረም። ሁለት የአሜሪካ የ100 ሜትር ሯጮች ባረጀ የሰዓት ሰሌዳ ተሳስተው ውድድራቸው አመለጣቸው፤ የእኛም ምሩጽ ይፍጠር ለ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሳይደርስ ቀረ። ነገር ግን ይህ ሁሉ በሴፕቴምበር 5 ቀን ከሆነው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚያ ንጋት የታጠቁ ሰዎች በእስራኤላውያን ማረፊያ ገቡ። ከዚያ ያመለጠው የእርምጃ ተወዳዳሪ ሻውል ላዳኒ ሮጦ ያንኳኳው የቦወርማንን በር ነበር። ቦወርማን ነገሩን ሲሰማ አሠልጣኝነቱን አስቀምጦ ሻለቃነቱን አነሣ፤ ወዲያው ለአሜሪካ ቆንስል ደውሎ በቡድኑ ውስጥ ያሉትን አይሁድ ስፖርተኞች የሚጠብቁ ወታደሮች አስመጣ። በዚያ አደጋ 11 እስራኤላውያን ሞቱ፤ ከመካከላቸውም የትግል አሠልጣኙ ሞሼ ዋይንበርግ፣ ሁለት ታጋዮችና አንድ የትግል ዳኛ ነበሩ። ጦርነትን በ1945 ጨረስሁ ብሎ ወደ ልጆች ሜዳ የገባ ሰው በ27 ዓመቱ ጦርነት በሩን አንኳኳበት።

ከአምስት ቀን በኋላ የማራቶን ውድድር ተደረገ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ የቤልጂጉ ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ ሆኑ። የእኛ ሻምበል ማሞ ወልዴ በ40 ዓመታቸው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሦስተኛ ወጡ። ከእርሳቸው ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ አራተኛ የገባው ማን ይመስላችኋል? ያ በግድ እንዲያርፍ የተፈረደበት ኬኒ ሙር ነበረ። በአንድ ሰው ምክንያት የነሐስ ሜዳይ አመለጠው፤ ያም ሰው ሻምበል ማሞ ነበሩ።

በ1990ዎቹ ሻምበል ማሞ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ተፈጸመ በተባለ ግድያ ተከሰው ታሰሩ፤ በእስር ቤትም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቈዩ። የክሱን ነገር መመርመር የዚህ ንግግር ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን በሙኒክ የተሸነፈው ኬኒ ሙር፣ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የስፖርት ጸሐፊ ሆኖ ነበርና፣ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ በእስር ቤት ጠየቃቸው፤ በ1995 ስለ እርሳቸው ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ዓለም እንዲያስባቸው አደረገ። ሻምበል ማሞ በጃንዩዋሪ 2002 ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዐረፉ። ሙር በ2006 የመምህሩን የቦወርማንን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አሳተመ፤ እርሱም በ2022 ሞተ።

ቦወርማን ግን ያን መጽሐፍ አላየም። በስተ እርጅናው ወደ ሕፃንነቱ መንደር ወደ ፎሲል ተመልሶ በዚያው በዲሴምበር 24 ቀን 1999፣ በ88 ዓመቱ ዐርፎ ነበር።

ይህን ንግግር ካዘጋጀሁ ወዲህ የስፖርት መምህራችንን ሳፈላልግ ሰነበትሁ። በሕይወት መኖራቸውን፣ የሚኖሩበትንም ሰፈር የሚያውቅ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ነግሮኛል። ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ አውቶቡሱ እስከ መንገዱ ማብቂያ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት በእግር ነው ብሎኛል። የፊታችን እሑድ ጠዋት እዚያው እሄዳለሁ። እንግዲህ ስለ እግራቸው እጠይቃቸዋለሁ።

ደኅና ሁኑ።